ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ኩርባውን ምረጡ፦ የእንጨት ዕቃ ጠርዝና ማዕዘን ማድቦልቦያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የሳሎን ጠረጴዛ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። መራመድ የጀመረ ሕፃን ሲደናቀፍ ፊቱ የሚያርፈው እዚያው አካባቢ ነው። ጠርዙ ሹል ከሆነ ቅንድብ ይሰነጥቃል፣ ከንፈር ይቆርጣል። አዋቂም ቢሆን መብራት በጠፋበት ሲያልፍ ቅልጥሙን ይመታል። ሹል ጠርዝ ለዕቃውም አይበጅም። ቀለምና ቫርኒሽ ሹል ቦታ ላይ ስለሚሳሳ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ዕቃ ሲጓጓዝ ቶሎ የሚሸረፈውም እሱ ነው።

ይህን ሥራ ራሱ ለመሥራት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ራውተር ልግዛ?» ብሎ ነው። ራውተር እዚህ ላይ በፍጥነት በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። እኔ ግን ከኩርባው ጀምሩ ባይ ነኝ። ምን ያህል ይደቦልቦል? እንጨቱ ምን ያህል ወፍራም ነው? ምን ዓይነት እንጨት ነው? እነዚህ ከተመለሱ ማሽኑን መምረጥ ቀላል ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ካሰበው ያነሰ ማሽን እንደሚበቃውም ያየዋል።

ጠርዝ ሌላ፣ ማዕዘን ሌላ

ማድቦልቦል ሲባል ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው የጠርዝ ነው። የላይኛው ፊትና ጎኑ የሚገናኙበት መስመር ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ጫፉ ላይ ኩሽኔታ (በነጻ የሚዞር የብረት ቀለበት) ያለው ራውንድ ፑንታ ነው፤ ፑንታ ማለት ራውተር ላይ የሚገጠመው ስለት ነው። ኩሽኔታው የእንጨቱን ጎን ተደግፎ ይሄዳል፤ ስለቱ ከላይ ያለውን ሹል ያነሳል። ብዙ መለካት የለበትም።

ሁለተኛው የማዕዘን ነው። ጠረጴዛውን ከላይ ስታዩት ሁለት ጎኖች የሚገናኙበት 90 ዲግሪ። እሱን ራውንድ ፑንታ አያነሳውም። መጀመሪያ ፎርማ (የኩርባው ቅርጽ ያለው መሪ ጣውላ) ይሠራል፣ ትርፉ እንጨት በመጋዝ ይነሳል፣ ከዚያ ኩሽኔታ ያለው ቀጥ ያለ ፑንታ ፎርማውን እየተከተለ ያስተካክለዋል።

ብዙ ዕቃ ላይ ጠርዙ ተድቦልቡሎ ማዕዘኑ እንደሾለ ይቀራል። ሕፃን ላለበት ቤት ይሄ ግማሽ ሥራ ነው። ሰውነት ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ምቱ በመስመሩ ላይ ይከፋፈላል። ማዕዘን ላይ ሲያርፍ ግን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ማዕዘኑን አስቀድሙ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀትም ቢሆን ማለስለስ ይቻላል።

ስንት ሚሊ ሜትር?

ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለ ኩርባ በዓይን ብዙም አይታይም። እጅ ግን ወዲያው ይለየዋል። ለመደርደሪያ፣ ለመሳቢያ ፊት፣ ለቁም ሣጥን በር ይሄ ይበቃል። ቀለም በደንብ ይይዛል፤ የዕቃው ቀጥ ያለ መልክም አይጠፋም። ዘመናዊ መልክ ያለው ዕቃ ለሚወድ ሰው ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልገውም።

6 ሚሊ ሜትር የሁሉም ቤት ልክ ነው ብል አላጋነንኩም። የመመገቢያ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የአልጋ ጎን፣ የልጆች ዴስክ፣ ሁሉም ላይ ያምራል። ክንድ ሲያርፍበት አይቆረቁርም። አንድ ፑንታ ብቻ ግዙ ብባል ይሄንን እገዛለሁ።

ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም እንጨት ይፈልጋል። ሕፃናት የሚሮጡበት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እመርጠዋለሁ። ግን የጠረጴዛው ገጽ ቢያንስ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በቀጭን ገጽ ላይ ይህን ያህል ሲደረግ ዕቃው የሳሙና ቅሪት ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ሒሳብ አለ። ከላይም ከታችም ማድቦልቦል ከፈለጋችሁ የእንጨቱ ውፍረት ከኩርባው እጥፍ በግልጽ መብለጥ አለበት። 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሁለቱንም ፊት ብትሠሩ መሀል ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ጎን ይቀራል። ኩሽኔታው እዚያ ላይ ይደገፋል። ያው ጣውላ ላይ በ9 ሚሊ ሜትር ብትሠሩ ግን ሁለተኛውን ፊት ስትጀምሩ ኩሽኔታው የሚደገፍበት ቦታ የለም። ፑንታው ወደ ውስጥ ገብቶ እንጨቱን ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለ ሙሉ ግማሽ ክብ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ራውተር ጠረጴዛ ላይ (ከታች እመጣበታለሁ)፣ እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መከታ አስሮ መሥራት አለበት።

ለማዕዘኑ ደግሞ ሚሊ ሜትሩ ይጨምራል። ከ25 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የማዕዘን ኩርባ ከሩቅ ሹል ይመስላል። ለሳሎን ጠረጴዛ ከ40 እስከ 50 ቢሆን ጥሩ ነው። ለመመገቢያ ጠረጴዛ 25 ወይም 30 ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዳር የሚቀመጠው ሰው ሳህን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይጠበዋል።

ድቡልቡሉን ትታችሁ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ማድረግም ትችላላችሁ። ለመሥራት ይቀላል፣ በእጅ መላጊያም ይወጣል፣ መልኩም ያምራል። ነገር ግን አንዱን ሹል ጠርዝ አንስቶ በሁለት ደብዛዛ ጠርዝ ይተካል። ሰው ለሚነካካው ዕቃ ድቡልቡሉን እመርጣለሁ። ለመስታወት ፍሬምና ለግድግዳ መደርደሪያ ሰያፉ ይሻላል።

በእጅ፣ በትሪመር፣ በትልቁ ራውተር ወይስ በራውተር ጠረጴዛ?

በእጅ መሥራትን አትናቁት። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላለ ኩርባ ማሽን ማውጣት፣ ማስተካከልና ሰጋቱራ መጥረግ ከሥራው በላይ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ በመላጊያ ወይም በሞረድ 45 ዲግሪ ሰያፍ ታወጣላችሁ። ከዚያ የሰያፉን ሁለት ጠርዞች ደግማችሁ ታነሳላችሁ። በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት በረጅሙ ቀዳችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ጫማ እንደሚወለወል ወዲያና ወዲህ ትስቡታላችሁ። ውጤቱ ያምራል። ችግሩ ወጥነት ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ጥሩ ይወጣል፤ ስድስት ወንበር ላይ ግን አንዱ ከአንዱ ይለያል።

ትሪመር የሚባለው ትንሹ ራውተር በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ዋት አካባቢ፣ ክብደቱም 2 ኪሎ ግራም አይሞላም። ለምሳሌ በብዙ አገር የሚገኘው የማኪታ አርቲ0700ሲ 710 ዋት ነው፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ዙር ይስተካከላል። ለ6 ሚሊ ሜትር ኩርባ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ቀላል ስለሆነ ጠባብ ጠርዝ ላይ ለመቆጣጠር ይመቻል። ከቆመ ዕቃ ጎን ላይ እንኳ ተይዞ ይሠራል።

ድክመቱ ትልቅ ፑንታ ላይ ይታያል። 6.35 ሚሊ ሜትር ኩርባ የሚያወጣ ፑንታ የተለመደው ኩሽኔታ ሲታከልበት ስፋቱ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር ኩርባ የሚያወጣው ግን 38.1 ይሆናል። ይህን ብዙ ትሪመሮች አያስገቡትም፤ የታችኛው ሳህን ቀዳዳ ይጠበዋል። ቢገባም ማሽኑ የሚነክሰው የፑንታው ቀጭን ዘንግ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩም ይጨነቃል። ፍጥነቱም አስቡት። 38 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 30,000 ዙር ሲሽከረከር የስለቱ ጫፍ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለዚህ ነው ፑንታ በሰፋ ቁጥር ዙሩ የሚቀነሰው። እስከ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው 24,000 አካባቢ፣ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ላለው ደግሞ 18,000 አካባቢ የተለመደ ልክ ነው። ፑንታው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ከዚህ ያነሰ ተጽፎ ከሆነ የተጻፈውን ተከተሉ። ስለዚህ ትሪመር ስትገዙ ፍጥነቱ የሚስተካከለውን ምረጡ። ፍጥነቱ የማይስተካከል ርካሽ ትሪመር ለ3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ6 ሚሊ ሜትር ግን እንጨቱን ሊያቃጥልባችሁ ይችላል።

ትልቁ ራውተር ሁለት እጀታ አለው፣ ወደታች እየተጫነ ይገባል። ኃይሉ ከ1,200 እስከ 2,300 ዋት የሚደርስ አለ። ወፍራም ዘንግ ያለው ፑንታ ይነክሳል። 10 እና 12 ሚሊ ሜትር ኩርባን ሳይንቀጠቀጥ ያወጣል፤ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠረጴዛ ማዕዘን ላይ ፎርማ ለመከተልም የሚያስተማምነው እሱ ነው። ነገር ግን ከባድ ነው። ጠባብ ጠርዝ ላይ የመሠረቱ ከግማሽ በላይ አየር ላይ ይቀራል። እጅ ትንሽ ካዘነበለ ጠርዙ ላይ ጎድጓዳ ይወጣል። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄንን ገዝቶ የወንበር እግር ላይ ቢጀምር ይበሳጫል። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። በር፣ ወፍራም የጠረጴዛ ገጽና ደረጃ የሚሠራ ሰው ግን ያለሱ አይሆንለትም።

ራውተር ጠረጴዛ የሚባለው ማሽኑ ተገልብጦ ከጣውላ ሥር የሚታሰርበት ነው። ፑንታው ወደ ላይ ይወጣል፣ እናንተ እንጨቱን ትገፋላችሁ። ለትናንሽ ነገር፣ ለቀጭን ክፈፍ፣ ለወንበር እግር፣ ለመሳቢያ እጀታ፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ትንሽ እንጨት ላይ ማሽኑን በእጅ ይዞ መሄድ አደጋ አለው፤ እንጨቱም ማሽኑም አይረጉም። ራውተር ጠረጴዛውን ከኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) እና ከኮምፔርሳቶ (ከተነባበረ ቀጭን እንጨት የተሠራ ጣውላ) ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ኩሽኔታውን ብቻ ተማምናችሁ ያለ መከታ የምትሠሩ ከሆነ ግን ፑንታው አጠገብ እንጨቱን መጀመሪያ የምታስደግፉበት አጭር ዘንግ ትከሉ። እሱ ከሌለ ስለቱ የእንጨቱን ጫፍ ሲያገኝ ይወረውረዋል።

ሥራው ብዙ ከሆነስ? ሙሉ ኩሽና ወይም 12 ወንበር ካለባችሁ ቶፒ (ትልቅ የጠርዝ ማውጫ ማሽን) ወይም ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ያለው የእንጨት ቤት ወስዳችሁ ማስደረግ ያዋጣል። አንድ ጥሩ መሀል መንገድም አለ። ሲኤንሲ ያለው ቤት ፎርማውን ብቻ በትክክል እንዲያወጣላችሁ አድርጉ። ፎርማው ለዓመታት ይቆያል፤ ሥራውን ቤታችሁ ትሠሩበታላችሁ።

ፑንታው ከማሽኑ ይበልጣል

ማሽን ላይ ብዙ አውጥቶ ፑንታ ላይ የሚቆጥብ ሰው ውጤቱ አይጥመውም። 15 ፍሬ በአንድ ሣጥን የሚሸጠውን ርካሽ ስብስብ ትታችሁ፣ በዚያው ብር አንድ ወይም ሁለት ጥሩ የካርባይድ (ከተራ ብረት በጣም የሚጠነክር ስለት ያለው) ፑንታ ግዙ። ከስብስቡ ውስጥ አብዛኛው ከሣጥኑ ሳይወጣ ይቀራል። ተራ ብረት ስለት ለስላሳ እንጨት ላይ ያምራል፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔርሳቶ ውስጥ ያለው ሙጫ ግን ቶሎ ያደንዘዋል።

ኩሽኔታውን በጣት አዙሩት። ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ኩሽኔታ ሳይኖረው በድፍኑ የብረት ጫፍ ብቻ የሚደገፍ ፑንታም ይሸጣል። እሱ ጫፍ ከስለቱ ጋር አብሮ ስለሚሽከረከር እንጨቱን እየፈተገ ያጠቁረዋል። አትግዙት።

በጣም የማሳስበው የዘንጉ ልክ ነው። ገበያ ላይ 6፣ 6.35፣ 8፣ 12 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያላቸው ፑንታዎች ተቀላቅለው ይገኛሉ። 6.35 የሚባለው የአሜሪካኑ ሩብ ኢንች ነው። 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሩብ ኢንች ኮሌት (ፑንታውን የሚነክሰው የማሽኑ ክፍል) ውስጥ ይገባል፤ ሲጠበቅም የያዘ ይመስላል። ሥራ ላይ ግን ቀስ እያለ ይወጣል። በመጀመሪያ ኩርባው ይበላሻል፣ ከባሰ ፑንታው ሊፈናጠር ይችላል። 12 እና 12.7ም እንደዚሁ ነው። ፑንታና ኮሌት አንድ ልክ መሆናቸውን በካሊፐር ለኩ። ማሽናችሁ 8 ሚሊ ሜትር የሚቀበል ከሆነ 8 ምረጡ፤ ከ6 ይልቅ በግልጽ ይጠነክራል። ስታስገቡትም እስከ መጨረሻ አስገብታችሁ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሳችሁ ስባችሁ አጥብቁ።

እንጨቱ ምን ይላል?

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በጣም አይጠነክርም፣ በጣምም አይላላም፤ ፑንታ ንጹሕ አድርጎ ይቆርጠዋል። ዝግባም ለስላሳና ወጥ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጥድ ላይ ኩርባውን በሦስት ወይም በአራት ዙር ቀስ ብላችሁ አውጡ። ወይራ በጣም ጠንካራ ነው። ፑንታው የደነዘ ከሆነ ወይም እጃችሁ የሚዘገይ ከሆነ ይጠቁራል። ባሕር ዛፍም ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ከተደቦለቦለ በኋላ ሊሰነጠቅና ሊጣመም ይችላል።

ኤምዲኤፍ ጅማት ስለሌለው በየትኛውም አቅጣጫ አይቦጨቅም። ኩርባው በጣም ንጹሕ ይወጣል። ለሚቀባ ዕቃ ከብዙ ጠንካራ እንጨት እመርጠዋለሁ። ሆኖም የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ይጠጣል። በውሃ በቀጠነ ኮላ ወይም በፕራይመር አንዴ ዝጉት፣ ሲደርቅ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት አልስሱት፣ ከዚያ ቀቡት። ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፣ ውስጡም ሙጫ አለበት። ጭምብል ሳታደርጉ አትጀምሩ። ከተቻለ ውጭ ሥሩ።

ኮምፔርሳቶ ሲደቦለቦል ንብርብሮቹ እንደ መስመር ይወጣሉ። አንዳንዱ ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ርካሹ ኮምፔርሳቶ ግን ውስጡ ክፍተት አለው፤ ስለቱ ሲገልጠው ቀዳዳ ይታያል። ስቱኮ አዘጋጁ።

ችፑድ ላይ ግን ራውንድ ፑንታ አታንሱ። ላዩ ላይ ያለውን ልባስ ትልጡታላችሁ፤ ውስጡ ያለው የተጨመቀ ፍርፋሪ ይራገፋል። ችፑድ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርዝ ማስለጠፍና ጠርዙን በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ማለስለስ ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ጠንካራ እንጨት በኮላ ማጣበቅ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዋንዛ ክፈፍ ዙሪያውን ከተጣበቀ በኋላ ያንን እንጨት እንደልባችሁ ታደቦለቡላላችሁ። ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል፤ ዕቃውን ግን ሌላ ነገር ያደርገዋል።

ማዕዘኑን በፎርማ ማውጣት

ፎርማውን ከ12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሥሩ። የፈለጋችሁትን ኩርባ በኮምፓስ ወይም በክብ ቆርቆሮ አስምሩ። ፎርማው ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት ሁሉ እንጨቱ ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። እጃችሁን አሂዱበት፤ እጅ ዓይን ያላየውን ያገኛል።

ከዚያ ፎርማውን ከጠረጴዛው ጋር በሞርሴቶ (ማጥበቂያ) እሰሩ። መስመሩን ካስተላለፋችሁ በኋላ ትርፉን በጂግሶ (ኩርባ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ቁረጡ። ራውተሩ የሚያነሳው ያቺን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን። ሙሉውን ማዕዘን በራውተር እበላለሁ ያለ ሰው እንጨቱን ይገነጥላል።

አሁን አብዛኛው ሰው የማያስተውለው ነገር ይመጣል። የአንድ ጠረጴዛ አራት ማዕዘኖች እኩል አይደሉም። ራውተር በውጭ ጠርዝ ላይ ሲሄድ ከላይ ሲታይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው ጠረጴዛውን የሚዞረው። እንዲህ ስትሄዱ ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ስለቱ የሚሄደው ከረጅሙ ጎን ወደ አጭሩ፣ ማለትም ጅማቱ ወደ ተቆረጠበት ጎን ነው። እነዚህ ላይ ከሥር ያለው ጅማት ይደግፋል፤ ሥራው ለስላሳ ይወጣል። በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ከአጭሩ ጎን ወደ ረጅሙ ይሄዳል። እዚያ ስለቱ ጅማቱን ከፊት ለፊት እያነሳ ይሰነጥቀዋል። በድንገት ትልቅ ቁራጭ የሚነቀለው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ከላይም ከታችም ኩሽኔታ ያለው ፑንታ ካላችሁ ጠረጴዛውን ገልብጣችሁ ሁለቱን አስቸጋሪ ማዕዘኖች ከሌላው ፊት ሥሯቸው። ሲገለበጥ አቅጣጫው ይቀየራል፣ መጥፎው ማዕዘን ጥሩ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፑንታ ከሌላችሁ መጋዙን ወደ መስመሩ በጣም አቅርቡት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ተዉ፣ በጣም በቀጭኑ እየላጣችሁ ሂዱ። ሦስተኛው ደግሞ እነዚያን ሁለት ማዕዘኖች ለራውተር ሳትሰጡ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ፎርማው ማድረስ ነው። ውድ እንጨት ላይ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ለሁለት ማዕዘን ሲባል የሚጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው።

ማዕዘኑ ካለቀ በኋላ ነው ጠርዙ የሚደቦለቦለው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ራውንድ ፑንታው ላይ ያለው ኩሽኔታ የማዕዘኑን አዲስ ኩርባ መከተል አለበት።

አካሄድ

እንጨቱ ከፊታችሁ ሆኖ በእናንተ በኩል ያለውን ጠርዝ ስትሠሩ ራውተሩን ከግራ ወደ ቀኝ ውሰዱት። የፍሬም ውስጠኛ ቀዳዳ ከሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። ራውተር ጠረጴዛ ላይ ደግሞ እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋል። በተሳሳተ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ስለቱ እንጨቱን ይዞ ማሽኑን ወደፊት ይስበዋል፣ ከእጅም ያመልጣል።

ማዕዘኑ ያልተደቦለቦለ ጠረጴዛ ከሆነ መጀመሪያ አጭሮቹን ጎኖች ሥሩ። አጭሩ ጎን መጨረሻ ላይ ትንሽ ይቦጨቃል። ቀጥሎ ረጅሙን ጎን ስትሠሩ የተቦጨቀው ቦታ አብሮ ይነሳል።

6 ሚሊ ሜትር ኩርባን በሁለት ዙር አውጡ። በመጀመሪያው ሦስት አራተኛውን፣ በሁለተኛው የቀረውን። 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሦስት ወይም አራት ዙር ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያነሳ ላዩ ይለሰልሳል። ማዕዘን ላይ አትቁሙ። እንጨት የሚጠቁረው ፑንታው እየዞረ ባለበት ሲቆም ነው።

መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ጓንት አታድርጉ፤ ስለቱ ከያዘው እጅንም ይዞ ይገባል። ፑንታ ስትቀይሩ መሰኪያውን ንቀሉ። መብራት በየመሀሉ በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ አንድ ልማድ ያዙ። መብራት እንደጠፋ የማሽኑን ማብሪያ አጥፉ፣ መሰኪያውንም ንቀሉ። ብዙ ራውተሮች ማብሪያቸው እንደበራ ስለሚቆይ መብራቱ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ እንደተጋደሙ መሽከርከር ይጀምራሉ።

ከውጭ አገር ለሚላክ ራውተር

ዘመድ ከአሜሪካ ራውተር ሊልክላችሁ ካሰበ ቮልቱን አስቀድማችሁ ንገሩት። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያው 220። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ግን ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት እጥፍ ገደማ መሸከም አለበት፣ ራውተር ሲነሳ ብዙ ይስባልና። ለስልክና ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላል መቀየሪያ አይሆንም። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የሚመጣው በ220 እና በ240 ቮልት መካከል የሚሠራ ስለሆነ ከሶኬቱ ቅርጽ በቀር ችግር የለበትም። የአሜሪካው በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ሳይሆን ቻርጀሩ ነው መታየት ያለበት። ኮሌቱም ሩብ ኢንች ስለሚሆን ፑንታውን አብሮ እንዲልክ ንገሩት።

ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ዕቃ ከሆነ

ቀድሞ የተሠራ ጠረጴዛ ላይ ሥራው ይለያል። መጀመሪያ ጠርዙ አጠገብ ሚስማር ወይም ቡሎን እንደሌለ ፈልጉ። ትንሽ ማግኔት በክር አስራችሁ በጠርዙ ላይ ብታሳልፉት ይነግራችኋል። ካርባይድ ጠንካራ ነው ግን ይሰበራል፤ አንድ ሚስማር ይበቃዋል። ገጹ ፎርማይካ ወይም ቀጭን ልባስ የተለጠፈበት ከሆነ አትንኩት፣ ሥሩ ያለው ሌላ ቀለም ይወጣል። ድፍን እንጨት ከሆነ ግን ትሪመር በ3 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይዛችሁ ዕቃውን ሳትፈቱ መሥራት ትችላላችሁ። የራውተሩ መሠረት የማይገባበት ውስጠኛ ጥግ ይኖራል፤ እግርና ገጽ የሚገናኙበት ለምሳሌ። እዚያ ፑንታው የማይደርስበትን ጥቂት ሳንቲ ሜትር በሞረድ ጨርሱ።

ከዚያ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት የፑንታውን ምልክት አጥፉ፣ በ180 አልስሱ፣ በ220 ጨርሱ። አዲስ የተቆረጠው ጠርዝ ከአሮጌው ገጽ ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ጠርዙን ብቻ ቫርኒሽ ብትቀቡት ልዩነቱ አይጠፋም። የላይኛውን ፊት ሙሉ በሙሉ አልስሳችሁ አብራችሁ ቀቡት፣ ሁለት እጅ፣ በሁለቱ መካከል በ320 ቀለል አድርጋችሁ እየፈተጋችሁ።